ከቁልቢ መልስ፤ የድሬዳዋ ውኃና የቤታችን ኑሮ



በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ወደ ቁልቢ የሚወጣው ምእመን ከአራቱም ማዕዘን የሚሰበሰብ መሆኑ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ በስእለት የተከሏት ይህች ደብር ዛሬ በምናየው ሕንፃ የታነጸችው በ1950ዎቹ ዓመታት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ስለ በዓሉ ክብር፥ ስለ ስእለቱና ስለ መንገደኛው ብዛት ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ግን ከበዓሉ መልስ በድሬዳዋ በዘመዶቼ ቤት አራት ቀን ባረፍሁ ጊዜ ስላየሁት አንድ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ውኃ ነው። ስለ ውኃ ደግሞ ምን ይጻፋል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ወደዚያ ቤት ከመግባቴ በፊት እንደዚሁ አስብ ነበርና። ነገር ግን በውኃ ምክንያት የአንድ ቤት ሰላም ሲናጋ፥ ከዚያም የሚበልጥ አደጋ በአንድ ሕፃን ላይ ሲያንዣብብ ካየሁ ወዲህ ዝም ማለቱ የሚገባ ሆኖ አልታየኝም።

ከቁልቢ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ደንገጎ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐረማያና ወደ ሐረር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ግራ ታጥፎ እየተጠማዘዘ ቍልቍል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። በደጋው ላይ ጋቢ ደርቦ የነበረ ሰው በዚህ ቍልቍለት መጀመሪያ ጋቢውን፥ ቀጥሎም ሹራቡን እያወለቀ ወርዶ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ሞቃት ከተማ ውስጥ በሸሚዝ ብቻ ይገባል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየውን ዓለት በዚያን ቀን ልብ ብዬ አልተመለከትሁትም ነበር። ከብዙ ቦታ ላይ ነጣ ያለና እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ድንጋይ ይታያል፤ ይህም በሃ ድንጋይ የሚባለው፥ ሲቃጠል ኖራ የሚሆነው ነው። የታሪኬ ሁሉ ምክንያት ያ ድንጋይ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዪቱ ተቈረቈረች፤ ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በአንድ ወገን ዛፎች በተተከሉበት ቀጥ ያለ መንገድ የተሠራው ከዚራ፥ በሌላው ወገን ገበያውና ጠባብ መንገዱ የሞላበት መጋላ ሲሆን፥ በመካከላቸው ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ያልፋል። ወንዝ ብለን ብንጠራውም በዓመቱ አብዛኛው ክፍል አሸዋ ብቻ ነው፤ በደጋው ላይ ኀይለኛ ዝናም በዘነመ ጊዜ ግን ባንድ ሌሊት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን የገደለ መሆኑን የከተማው ሰው እስከ ዛሬ በእንባ ያነሣዋል። እንግዲህ በላይ የሚሄደው ወንዝ ሲመጣ ጎርፍ፥ ሲሄድ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ፥ ከተማዪቱ የምትጠጣው ከምድር በታች ያለውን ውኃ ነው። በሳቢያንና በሌሎችም ሠፈሮች ከተቈፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች እየተሳበ በቧንቧ ይታደላል።

ወደ ዘመዶቼ ቤት በገባሁ ጊዜ የቤቱ እመቤት የአጎቴ ልጅ ሚስት እንደ ባህላችን የእግር ውኃ አቀረበችልኝ። ሳሙናውን በእጄ መካከል ደጋግሜ ባሸው አረፋ የሚባል ነገር እምቢ አለ። ይልቁንም በሳሕኑ ውኃ ላይ እንደ ተቈረሰ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ተንሳፈፈ። እኔ ሳሙናው የተበላሸ መስሎኝ ሳገላብጠው፥ የአጎቴ ባለቤት ከተቀመጡበት መደብ ላይ ሆነው ሣቁና፥ «ልጄ፥ ሳሙናውን አትፍረድበት፤ የእኛ ውኃ ሳሙና ይበላል» አሉኝ።

ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለ ነበር በራት ላይ የቀረበው የባቄላ ወጥና ንፍሮ ነው። ባቄላው ጥሩ ጣዕም ነበረው፤ ነገር ግን ጥርስ ላይ እንደ ጠጠር ይንሸራተት ነበር። እኔ ምንም አላልሁም። ይሁን እንጂ እናቲቱ ሳሕኑን ገፋ አድርገው፥ «እንግዲህ እንግዳም ሲመጣ ይኸው ነው» ባሉ ጊዜ፥ ምራታቸው ፊቷ ተለዋውጦ ወደ ማድ ቤት ገባች።

በማግሥቱ ጧት እናቲቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ልጅቱ ቡና እያፈላች ያለባትን ነገር አጫወተችኝ። «ጋሼ፥ እኔ አዲስ አበባ እናቴ ቤት ሳለሁ በባቄላ ተወቅሼ አላውቅም። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ግን እጄ ጠፋ። ያለፈው ዓመት ጸሎተ ሐሙስ ጕልባኑን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሬ ጥጄው፥ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንደ ጠጠር ሆኖ ቀረ። ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት እማማ ምንም ሳይናገሩ ወደ ጓዳ ገብተው ከጎረቤት የመጣውን ጕልባን አቀረቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዝምታቸው ከስድብ ይብስብኛል» አለች። ቀጥላም የነጠላዎቿን ነገር አነሣች። በየጊዜው ብታጥባቸውም ንጣታቸው ጠፍቶ አመድማ እየሆኑ፥ ሲደርቁም እንደ ወረቀት እየተንቋቍ፥ እሑድ እሑድ እነርሱን ለብሶ ከምእመናን መካከል መቆም አሳፍሯታል። እናቲቱም ሳሙና ታባክናለች ይሏታል፤ እርሷ ደግሞ አረፋ እስኪይዝ ብታሽ እንጂ ማባከኗ አይደለም።

በዚያው ግቢ አጠገብ በውኃ ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ የተገለሉ አንድ አዛውንት ይኖራሉ። ከሰዓት በኋላ እኔን ለመጠየቅ በመጡ ጊዜ፥ የልጅቱን ስም ሳላነሣ፥ በዚህ ከተማ ባቄላ ስለ ምን አይበስልም ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም መልስ ከመስጠት ይልቅ፥ «ማንቆርቆሪያችሁን አምጡልኝ» አሉ። ማንቆርቆሪያው መጥቶ ክዳኑ ሲነሣ፥ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተለብጦ ውፍረቱ የጣት ጥፍር ያህል ሆኖ አየነው። አዛውንቱ ከደጅ አንድ ነጭ ድንጋይ አስፈለጉ፤ ከማንቆርቆሪያውም ቅርፊት ጥቂት ፈለቀቁ። በሁለቱም ላይ አቼቶ ባንጠባጠቡ ጊዜ ሁለቱም እየተንሿሹ አረፋ ሰጡ። «አያችሁ፥ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው። ተራራው ቀልጦ በቧንቧ ወደ ማድ ቤታችሁ ገብቷል» አሉ።

ከዚያም እንደሚከተለው አስረዱን። ዝናም ከሰማይ ሲወርድ ለስላሳ ነው፤ የሟሟበት ነገር የለውም። በአየሩና ይልቁንም በአፈሩ ውስጥ ሲያልፍ ግን እኛ የምንተነፍሰውን የተቃጠለ አየር እየተቀበለ በጣም ቀጠን ያለ ኮምጣጣነት ያገኛል። ይህም ውኃ በበሃ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ብዙ ዘመን ሲሰርግ ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት ይዞ ይሄዳል። በባሌ የወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር የተባለውን ታላቅ ዋሻ የፈለፈለው በዚህ ዓይነት ነው፤ ከድሬዳዋ አጠገብ ያለው የጥንት ሰው መኖሪያ የነበረው ፖርክ ኤፒክ ዋሻም በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። በከተማዪቱ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ መቆሙም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሲሚንቶ ዋናው ጥሬ ዕቃ በሃ ድንጋይ ነውና። ድንጋዩን በውስጡ አሟሙቶ የያዘው ውኃ በዓይን ሲታይ ጥሩ ነው። በእሳት በተጣደ ጊዜ ግን የተቃጠለው አየር ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩን ለመሸከም ዐቅም ያጣል፤ ኖራውም በማንቆርቆሪያው ወለል፥ በጀበናው ሆድ፥ በገላ መታጠቢያው ማሞቂያ ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ በእሳቱና በውኃው መካከል እንደ ግድግዳ ስለሚቆም፥ ውኃው ሳይሞቅ ከሰሉ ያልቃል፥ ኤሌክትሪኩም ይቈጥራል። በእንፋሎት ለሚሄዱት ለቀድሞዎቹ ባቡሮችም እንዲህ ያለው ውኃ የታወቀ ጠላት ነበር፤ የማሞቂያቸውን ቧንቧ ይደፍናልና።

ሊቃውንት ይህን ጥንካሬ በሚሊ ግራም ይለኩታል። በአንድ ሊትር ውስጥ ከ60 በታች ሲሆን ለስላሳ፥ እስከ 120 መካከለኛ፥ እስከ 180 ጠንካራ፥ ከ180 በላይ ሲሆን እጅግ ጠንካራ ይባላል። የድሬዳዋ ጕድጓዶች ውኃ ከመጨረሻው ክፍል ይመደባል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ግን ከገፈርሳ፥ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የተጠራቀመ የዝናም ውኃ ነው። ያም ውኃ እሳተ ገሞራ በወለደው ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈጥኖ የወረደ እንጂ በበሃ ድንጋይ ውስጥ የሰረገ ስላይደለ ለስላሳ ነው። ስለዚህ በመዲናዪቱ ያደገች ልጅ አረፋ የሚደፍቅ ውኃ ለምዳ ወደ ቆላ ስትወርድ፥ እጇ ሳይሆን ውኃዋ እንደ ተለወጠ የሚነግራት አላገኘችም።

ባቄላውን በሚመለከት አዛውንቱ አንድ የሚያስገርም ነገር ጨመሩ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፥ በድሬዳዋ በ96 ገደማ ነው። እንግዲህ በሙቀቱ ብቻ ቢሆን ባቄላ በድሬዳዋ ፈጥኖ መብሰል በተገባው ነበር። ነገር ግን በጥራጥሬ ቆዳና ሥጋ ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ የሚያያይዘው ነገር ካልሲየም ባገኘ ጊዜ ይበልጥ እየጠነከረ አልፈታም ይላል። በተጨማሪም ባቄላው ራሱ በሙቅ ጎተራ ብዙ ጊዜ ከቈየ ይጠነክራልና፥ ጥፋቱ ሁሉ የውኃው ብቻ እንዳይመስለን አሳሰቡን።

በዚህ ጊዜ እናቲቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በጥሞና ይሰሙ ነበር። «ታዲያ እኔስ በዚሁ ውኃ አይደለም ወይ አርባ ዓመት የቀቀልሁት? ጕልባኔ አንድ ቀን ጠንክሮብኝ አያውቅም» አሉ። አዛውንቱም ፈገግ ብለው፥ «እመቤቴ፥ ባቄላውን የሚዘፈዝፉት በምን ውኃ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። እናቲቱ ጥቂት አሰቡ። «ማታ በትልቁ ድስት አፍልቼ ባሳደርሁት ውኃ ነዋ። ላይ ላዩን እቀዳና ዝቃጩን እደፋዋለሁ። አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና እንዲያ ሲያደርጉ አይቼ ነው» አሉ። ወዲያው ቃላቸው በአፋቸው ላይ ቆመ። ሁላችንም ዝም አልን። ያ ውኃ በመፍላቱ ኖራውን ጥሎ የለሰለሰ ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ እናቲቱ ያላቸው ብልሃት ይኸው ሆኖ ሳለ፥ ብልሃት መሆኑን ስላላወቁ ለምራታቸው አላስተማሯትም። እርሷም አልጠየቀችም፤ ያልታወቀ ነገር አይጠየቅምና።

እናቲቱ ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ሄዱ። ምን እንደ ተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ማታ ግን ትልቁ ድስት በምድጃው ላይ ተጥዶ፥ ሁለቱም በአንድ በርጩማ ዙሪያ ተቀምጠው ባቄላ ሲለቅሙ አየኋቸው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ እስከዚህ ድረስ የነገርኋችሁ የቤት ሰላም ጉዳይ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰዎች ጠንካራ ውኃ በሽታ ያመጣል፥ ይልቁንም የኵላሊት ጠጠር ይፈጥራል ብለው ይፈራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለውኃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት የወሰነው ልክ የለም። ካልሲየምና ማግኒዚየም ለአጥንትና ለሰውነት የሚያስፈልጉ ማዕድናት ናቸው፤ አምቦ ውኃን በገንዘባችን ገዝተን የምንጠጣው ማዕድን ያለበት በመሆኑ አይደለምን? በቆላ አገር ለኵላሊት ይበልጥ የሚያስፈራው በሙቀት እየላቡ ውኃ በሚገባ አለመጠጣት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ኖራ ፈርቶ ጥሙን ይዞ አይዋል። ጠጠር የታመመ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እውነተኛው አደጋ በዓይን የማይታየው፥ በምላስ የማይቀመሰው፥ ሳሙናም የማይከለክለው ነው። በዚያ ቤት ግቢ ከጥንት የነበረ የእጅ ጕድጓድ አለ። የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፥ በጠፋ ጊዜ ከዚህ ጕድጓድ ይቀዳል። ልጅቱም ወደ ሥራ ስለ ተመለሰች፥ ለአራት ወር ሕፃኗ የዱቄት ወተት የሚበጠበጠው አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ውኃ ነበር። ንጹሕ ይሁን በማለት ለረጅም ጊዜ ታፈላዋለች። አዛውንቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ፈገግታቸው ጠፋ። ተነሥተው ከጕድጓዱ እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን ርቀት በእርምጃ ቈጠሩ፤ ዐሥራ አንድ እርምጃ ሆነ።

«ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ይህ መልካም ነው» አሉ። «ነገር ግን ከሽንት ቤት ወደ ምድር የሚሰርገው ቈሻሻ ናይትሬት የተባለ ነገር ይወልዳል። ይህን እሳት አይገድለውም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት እየቀነሰ ሲሄድ እርሱ ይበዛል። ለትልቅ ሰው ብዙ አያሠጋም ይሆናል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን በደሙ ውስጥ አየር እንዳይመላለስ ያግዳል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቍራል፥ እስከ ሞትም ያደርሳል።» የዓለም ጤና ድርጅት ለናይትሬት የወሰነው ልክ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። የድሬዳዋ የምድር ውኃ ሽንት ቤቶች በበዙባቸው ሠፈሮች በናይትሬት እየተበከለ መሄዱን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያሳሰቡት ጉዳይ ነው። ልጅቱ ሕፃኑን ዐቅፋ አለቀሰች። ባሏ በዚያው ቀን የጕድጓዱን ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ለምርመራ ወሰደው። እኔ ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ በስልክ እንደ ነገረኝ፥ ናይትሬቱ ከተወሰነው ልክ በልጦ ተገኘ። ሕፃኑ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው፤ ጕድጓዱም ለመጠጥ እንዳይቀዳ ተከድኖ ለግቢ ማጠቢያ ብቻ ሆነ።

እንዲህ ያለው ነገር የድሬዳዋ ብቻ አይደለም። በመቀሌ አካባቢ ከበሃ ድንጋዩ ጋራ ጂፕሰም የተባለው ድንጋይ ስላለ፥ በማፍላት ብቻ የማይለቅ ጥንካሬ በውኃው ይገኛል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የሚያሠጋው ፍሎራይድ ነው። ልኩ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፥ ከዚያ ሲበልጥ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ብዙ ዘመን ሲጠጣም አጥንትን ያጐብጣል። በወንጂ የስኳር እርሻ ይኖሩ በነበሩ ብዙ ሠራተኞች ላይ ይህ ጕዳት መድረሱ የታወቀ ነው። ይህንም ማፍላት አያስወግደውም። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ሐረር ከተማ የተጠማችበትን ጊዜም አንረሳውም፤ ያን ጊዜ ከተማዪቱ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ካሉ ጥልቅ ጕድጓዶች ውኃ ሽቅብ ተገፍቶ እንዲመጣላት አስፈለገ። ስለዚህ ማንኛውም ቤተ ሰብ የሚጠጣውን ውኃ ምንጩን ማወቅ፥ የግል ጕድጓድ ያለውም ሁሉ ማስመርመር ይገባዋል።

አሁን ከአዛውንቱ ቃልና ከእናቲቱ ልምድ የሰበሰብሁትን ለቤት እመቤቶች በአጭሩ ልጻፍ።

ጠንካራ ውኃ ባለበት አገር ባቄላ፥ ሽምብራና አተር የሚዘፈዘፍበትንና የሚቀቀልበትን ውኃ ማታ አፍልቶ ማሳደር፥ በማግሥቱም ላይ ላዩን ቀድቶ ዝቃጩን መድፋት ነው። የክረምት ጊዜ ሲሆን ከንጹሕ ጣራ የተጠራቀመ የዝናም ውኃም ለዚሁ ይሆናል። በመዘፍዘፊያው ውኃ ላይ እጅግ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ያለሰልሳል፤ ቢበዛ ግን ጣዕሙን ያበላሻል። ቲማቲምና ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬው ሳይበስል አይግባበት። ለቡናና ለሻይም እንዲሁ ያደረው ፍል ውኃ ይሻላል፤ በሻይ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት መሰል ነገር ከኖራው የተነሣ ነው።

ነጠላና ነጭ ልብስ በጠንካራ ውኃ ሲታጠብ ሳሙናው ከኖራው ጋራ ተጣብቆ በድሩ ውስጥ ይቀራል፤ አመድማ የሚያደርገውም እርሱ ነው። ስለዚህ በለሰለሰው ውኃ ማጠብ ወይም ከቍራጭ ሳሙና ይልቅ የዱቄት ሳሙና መጠቀም፥ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃም ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ ማድረግ ንጣቱን ይመልሳል። ማንቆርቆሪያ ኖራ ሲይዝ በቢላዋ መፋቅ ዕቃውን ያበላሻል፤ አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅሎ፥ ጥቂት አሙቆ፥ አንድ ሰዓት ያህል አቈይቶ መድፋት፥ ከዚያም ንጹሕ ውኃ አንድ ጊዜ አፍልቶ መድፋት ይበቃል። ነገር ግን አቼቶ ከበረኪና ጋራ ፈጽሞ አይቀላቀል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚያቃጥል መርዛም ጭስ ይወጣልና። የገላ ማጠቢያ ማሞቂያን ያለ መጠን ማጋል ኖራውን ያበዛዋል። በትልልቅ ቤቶች የሚተከለው የማለስለሻ መሣሪያ ኖራውን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም፥ ማለት ከገበታ ጨው የሚገኘውን፥ በውኃው ውስጥ ስለሚተው፥ የደም ግፊት ያለበት ሰው የሚጠጣው ውኃ በዚያ ባያልፍ ይመረጣል።

ለሕፃን የእናቱን ጡት የሚተካ የለም። በግድ የዱቄት ወተት የሚሰጠው ከሆነ ግን ውኃው ከታወቀና ከተመረመረ ምንጭ ይሁን፤ ተፍልቶም ይቀዝቅዝ። ከጸበል ቦታ ውኃ የምናመጣበትንም ጄሪካን አስቀድሞ በሚገባ አጥቦ ማድረቅ፥ ዘይት ወይም ናፍጣ በነበረበት ዕቃ አለመቅዳት፥ ክዳኑንም መጠበቅ ለጸበሉ ክብር መስጠት እንጂ እምነት ማጕደል አይደለም።

በቅዱሳት መጻሕፍት እንደምናውቀው፥ እስራኤል በማራ በረሃ ውኃው መራራ ሆኖባቸው ባንጐራጐሩ ጊዜ እግዚአብሔር ለሙሴ እንጨት አሳይቶት ውኃው ጣፈጠ። በኢያሪኮም የከተማው ሰዎች ሀገራችን መልካም ናት፥ ውኃዋ ግን ክፉ ነው ብለው ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በቀረቡ ጊዜ፥ እርሱ ወደ ምንጩ ሄዶ በጨው ፈወሰው። በሁለቱም ታሪክ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በማራ ሕዝቡ በሙሴ ላይ አንጐራጐረ፤ የኢያሪኮ ሰዎች ግን በሰው ላይ ሳይፈርዱ የውኃውን ክፋት ለይተው ተናገሩ፤ ነቢዩም ፈጥኖ ወደ ምንጩ ወጣ። በቤታችንም ባቄላ ሲጠነክር፥ ነጠላ ሲያድፍ፥ ሳሙና ሲያልቅ፥ መጀመሪያ ወደ ሰው ጣታችንን ከመቀሰር ወደ ምንጩ ሄደን ብንመረምር ስንት ኀዘን በቀረልን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከፋሲካ በኋላ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ማታ ከድሬዳዋ ስልክ ተደወለልኝ። የአጎቴ ባለቤት ነበሩ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ስግደቱ ድካም፥ ስለ ሙቀቱ ብርታት አወሩኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ልጄ፥ የዘንድሮውን ጕልባን ልጄ ናት የቀቀለችው። ጎረቤቱ ሁሉ ደገመ። አርባ ዓመት ከቀቀልሁት የእኔው ይልቅ ለሰለሰ» አሉኝ። እስከ ዛሬ «ምራቴ» ሲሏት እንጂ «ልጄ» ሲሏት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በምንጮች ሁሉ ላይ የሠለጠነ ልዑል እግዚአብሔር የምንጠጣውን ውኃ ይባርክልን፤ ሕፃኖቻችንን ይጠብቅልን፤ በቤታችንም ፍቅርንና ማስተዋልን ያኑርልን፤ አሜን።